በዕጣ የደረሰንን ሄሮ እንዴት እንጠቀምበት? የዶታ 2 «አቢሊቲ ድራፍት» ተሞክሮዬ

ዶታ 2 የሚጫወቱ ብዙ ወዳጆቼ «አቢሊቲ ድራፍት» የሚባለውን የጨዋታ ዓይነት አንድ ሁለት ጊዜ ይሞክሩና «ይሄማ የዕጣ ጨዋታ ነው፤ ዕድል የቀናው ያሸንፋል» ብለው ወደ መደበኛው ጨዋታ ይመለሳሉ። እኔ ግን ላለፉት ጥቂት ዓመታት ከአዲስ አበባ ሆኜ አብልጬ የተጫወትኩት ይህንኑ ዓይነት በመሆኑ፣ ዕጣው ምን ያህሉን እንደሚወስንና ምን ያህሉ በተጫዋቹ እጅ እንደሚቀር ለመለየት በቂ ጊዜ አግኝቻለሁ። ከዕጣው በቀጥታ የሚደርሰን የሄሮው (በጨዋታው የምንመራው ገጸ ባሕርይ) አካልና የምንመርጥበት ተራ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው አብዛኛው ነገር ያንን አካል በትክክል በማንበብ፣ ለእርሱ የሚስማማውን ችሎታ በተገቢው ተራ በማንሳት፣ እንዲሁም «ይህን ያህል በመቶ ዕድል አለው» ተብሎ የተጻፈ ችሎታ በተግባር እንዴት እንደሚሠራ በማወቅ ይወሰናል። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩትም በዚህ የጨዋታ ዓይነት ተስፋ ለቆረጡና ገና ለሚጀምሩት ይጠቅም እንደሆነ በማሰብ ነው።

ላልሞከሩት አሠራሩን በአጭሩ ላስረዳ። ዶታ 2 በቫልቭ ኩባንያ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2013 በይፋ የወጣ፣ አምስት ተጫዋቾች ከሌሎች አምስት ጋር በኢንተርኔት የሚገጥሙበት ጨዋታ ነው። አቢሊቲ ድራፍት የተጨመረው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ሲሆን፣ ሐሳቡ ግን ከዚያ በፊት በዋርክራፍት 3 ላይ «ሌጀንድስ ኦፍ ዶታ» በሚል ስም ይታወቅ ነበር። በመደበኛው ጨዋታ እያንዳንዱ ተጫዋች የሚፈልገውን ሄሮ ከነችሎታዎቹ ይመርጣል። እዚህ ግን ሄሮው በዕጣ ይሰጣል፤ ችሎታዎቹም ከባለቤቶቻቸው ተነጥለው በአንድ ገበታ ላይ ለሁሉም ይቀርባሉ። ኮምፒዩተሩ 12 ሄሮዎችን ስለሚያወጣ በገበታው ላይ 36 መደበኛ ችሎታዎችና «አልቲሜት» የሚባሉ 12 ትልልቅ ችሎታዎች ይኖራሉ። እያንዳንዱ ተጫዋች ተራው ሲደርስ አንድ አንድ እያነሳ በመጨረሻ ሦስት መደበኛና አንድ አልቲሜት ይይዛል።

ገበታው ሲከፈት ዓይን ወዲያውኑ ወደ ታዋቂዎቹ ችሎታዎች ይሮጣል። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው የደረሰኝን ሄሮ ነው፤ ምክንያቱም ያው አንድ ችሎታ በአንዱ አካል ላይ ጨዋታ የሚጨርስ፣ በሌላው ላይ ግን ቦታ የሚይዝ ብቻ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ጥያቄ ሄሮው ከቅርብ የሚመታ ነው ወይስ ከሩቅ የሚለው ነው። ለምሳሌ ግሬት ክሊቭ የተባለው የስቬን ችሎታ አንዱን ጠላት ስንመታ ከጎኑና ከኋላው ያሉትንም አብሮ የሚጎዳ በመሆኑ እጅግ የሚፈለግ ነው፤ ይሁን እንጂ የሚሠራው ከቅርብ ለሚመታ ሄሮ ብቻ ስለሆነ፣ ስናይፐር የደረሰው ሰው ቢያነሳው ከሦስቱ ቦታዎች አንዱን በከንቱ ዘጋ ማለት ነው። በአንጻሩ የኡርሳ ፊዩሪ ስዋይፕስ፣ ያንኑ ጠላት ደጋግመን በመታን ቁጥር የምናደርሰው ጉዳት እየጨመረ የሚሄድበት ችሎታ፣ ከሩቅ በሚመታ አካል ላይ ሲያርፍ ከባለቤቱ ከኡርሳ እጅ ይልቅ የሚያስፈራበት ጊዜ አለ። ኡርሳ ወደ ጠላቱ ለመድረስ መሮጥ አለበት፤ ስናይፐር ግን በ550 ርቀት ላይ ቆሞ ምት ይደራርባል።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ባሕርይ ነጥቦች ነው። እያንዳንዱ ሄሮ የጥንካሬ፣ የቅልጥፍናና የማስተዋል ነጥቦች አሉት፤ ደረጃው ከፍ ባለ ቁጥርም በየራሱ መጠን ይጨምሩለታል። አንድ የጥንካሬ ነጥብ 22 የሕይወት መጠን፣ አንድ የቅልጥፍና ነጥብ 1 የምት ፍጥነት፣ አንድ የማስተዋል ነጥብ ደግሞ 12 ማና (ችሎታ ስንለቅ የሚፈጅ ኃይል) ይሰጣል። ጀማሪዎች በብዛት የሚዘነጉት ማናውን ነው። አራቱም ችሎታዎቻችን በቁልፍ ተጭነን የምንለቃቸው ከሆኑና የደረሰን ሄሮ ማስተዋሉ ዝቅተኛ ከሆነ፣ በአንድ ውጊያ ሁለቱን ከለቀቅን በኋላ በባዶ ማና የቆምን ኢላማ እንሆናለን። ስለዚህ ማናው ትንሽ በሆነ አካል ላይ ቢያንስ ሁለቱን ችሎታዎች ያለ ማና በራሳቸው ከሚሠሩት፣ «ፓሲቭ» ከሚባሉት ወገን አደርጋለሁ። የማስተዋል ሄሮ ሲደርሰኝ ግን ተቃራኒውን አደርጋለሁ፤ የምቱ ጉልበት አነስተኛ ስለሚሆን በምት ላይ የተመሠረቱትን ለሌሎች ትቼ የሚለቀቁትን እሰበስባለሁ።

ይህ ሁሉ አንድ ላይ ሲጋጭ ምን እንደሚሆን የሚያሳየው ከሁሉ የሚሻለው ምሳሌ አፍተርሾክ ነው። አፍተርሾክ የኧርዝሼከር ችሎታ ሲሆን፣ ሄሮው ማንኛውንም ችሎታ በለቀቀ ቁጥር በዙሪያው ያሉትን ጠላቶች ያደነዝዛል። በመደበኛው ጨዋታ ኧርዝሼከር የሚለቃቸው ችሎታዎች ረዘም ያለ የመጠበቂያ ጊዜ ስላላቸው ነገሩ ልክ አለው። በአቢሊቲ ድራፍት ግን በየጥቂት ሰከንዱ ከሚለቀቅ ችሎታ ጋር ሲጣመር ልኩን ያልፋል። የዚየስ አርክ ላይትኒንግ ከ2 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ፣ የብሪስልባክ ኩዊል ስፕሬይ ደግሞ በ3 ሰከንድ ተመልሰው ዝግጁ ይሆናሉ። ከሁለቱ አንዱን ከአፍተርሾክ ጋር ያገኘ ተጫዋች አጠገቡ የደረሰውን ሁሉ እንደ ቆመ ሊያስቀረው ይችላል።

ይሁንና ጥምረቱን ማወቅ ብቻ አይበቃም። ክሪስታል ሜይደን ደርሳኝ አፍተርሾክንና አርክ ላይትኒንግን ማግኘት የቻልኩበት ጨዋታ ነበር። ማናው ሞልቶ የተረፈ ነበር፤ ችግሩ አፍተርሾክ የሚሠራው በቅርብ ርቀት ብቻ መሆኑና ክሪስታል ሜይደን ደግሞ ሕይወቷ አነስተኛ፣ እርምጃዋም ዝግተኛ መሆኑ ላይ ነው። ወደ ጠላት ካልቀረበች ጥምረቱ አይሠራም፤ ከቀረበች ደግሞ ከመጀመሪያው ድንዛዜ በፊት ልትሞት ትችላለች። ስለዚህ ሦስተኛው ምርጫዬ የግድ ወደ ጠላት መሐል የሚያስገባና የሚያስወጣ መሆን ነበረበት፤ የኩዊን ኦፍ ፔይንን ብሊንክ ያነሳሁትም ለዚሁ ነው። በሌላ ጊዜ ያው አፍተርሾክ ሲወጣ በእጄ የነበረው ፑጅ ነበር። እርሱ ሕይወቱ ብዙ ስለሆነ መቅረብ አያስፈራውም፤ ማናው ግን ያልቅበታል። እዚያ ላይ አርክ ላይትኒንግን ትቼ ለአንድ ጊዜ 35 ማና ብቻ የሚፈጀውን ኩዊል ስፕሬይ መረጥኩ። ሁለቱም ጥምረቶች በወረቀት ላይ ተመሳሳይ ይመስላሉ፤ በየትኛው አካል ላይ የትኛው እንደሚቀመጥ የወሰነው የማናና የሕይወት መጠን ነው። ከሁለቱ ለእኔ የፑጁ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ጠላት መጥቶ እስኪገባበት መጠበቅም ይችላልና።

አሁን ስለ ተራ ልናገር፤ ብዙ ሰው ትኩረት የማይሰጠው ግን ይህ ይመስለኛል። ምርጫው በመጀመሪያው ዙር ከአንደኛ ወደ አሥረኛ፣ በሁለተኛው ከአሥረኛ ወደ አንደኛ እየተገለበጠ ይሄዳል። ስለዚህ አንደኛ የሆነ ተጫዋች ከ40ዎቹ ምርጫዎች የሚያነሳው 1ኛውን፣ 20ኛውን፣ 21ኛውንና 40ኛውን ሲሆን፣ አሥረኛው ደግሞ 10ኛውን፣ 11ኛውን፣ 30ኛውንና 31ኛውን ያነሳል። ከዚህ የሚከተለው ነገር ግልጽ ነው። አንደኛው በገበታው ላይ ካሉት የፈለገውን አንድ ችሎታ ያለ ተቀናቃኝ ያገኛል፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ 18 ምርጫዎች አልፈው ተራው እስኪመለስለት መጠበቅ አለበት። በዚህ ምክንያት አንደኛ ስሆን ሁለቱም ክፍሎቹ ታዋቂ የሆኑ ጥምረት አላቅድም። ብቻውን የሚበቃ፣ ሌላ ደጋፊ የማይፈልግ ችሎታ አነሳለሁ። አሥረኛ ስሆን ግን በተከታታይ ሁለት ስለማነሳ፣ ሁለቱ ክፍሎቹ እስከዚያ ድረስ ገበታው ላይ የቆዩ ጥምረት ካገኘሁ ማንም መሐል ሳይገባብኝ ጠቅልዬ እወስዳለሁ። «መጨረሻ ደረሰኝ» ብሎ የሚያማርር ሰው ያገኘውን ዕድል አላየውም። በመሐል፣ አምስተኛና ስድስተኛ ላይ መቀመጥ ከሁሉ ይልቅ አሰልቺው ነው፤ እዚያ ያለ ሰው የተራረፈውን በጥንቃቄ ከማንበብ በቀር ልዩ ብልጫ የለውም።

ስለ አልቲሜትም ቁጥሩ ራሱ ይመክራል። ገበታው ላይ 12 አልቲሜቶች አሉ፤ ተጫዋቾች ግን አሥር ናቸው። ስለዚህ ከሁሉም መጨረሻ አልቲሜቱን የሚያነሳ ሰው እንኳ ቢያንስ ከሦስት መምረጥ ይችላል፤ ሁለት ሳይነሱ ይቀራሉ። በመጀመሪያው ዙር አልቲሜት የማነሳው ለሄሮዬ ፈጽሞ የሚተካ የሌለው ሆኖ ሲገኝ ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ አስቀድሜ መደበኛዎቹን አነሳለሁ፤ ምክንያቱም ከ36ቱ ስድስት ብቻ ስለሚቀሩ መጨረሻ ላይ የሚገኙት ብዙ ጊዜ ማንም ያልፈለጋቸው ናቸው። ሌላም ምክንያት አለ። አልቲሜት የሚከፈተው ስድስተኛ ደረጃ ላይ ሲደረስ ነው፤ መደበኛዎቹ ግን ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ያገለግላሉ። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች በደካማ ችሎታዎች ያሳለፈ ሰው ስድስተኛ ደረጃ ላይ የሚደርሰው ከሌሎች ዘግይቶ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የጓጓለት አልቲሜት ያሰበውን ያህል አይሠራለትም።

ተቃራኒ እንዳያገኘው ብቻ ብሎ ችሎታ ማንሳትን በተመለከተ ሐሳቤ ከብዙዎች ይለያል። ጠላት አፍተርሾክን ይዞ ኩዊል ስፕሬይ ገበታው ላይ ካለ፣ ከእርሱ በፊት ተራ ያለን ሰዎች ማንሳታችን ግድ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን በየዙሩ የሌላውን እቅድ ለማፍረስ የሚያነሳ ሰው መጨረሻ ላይ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ አራት ችሎታዎች ይዞ ይቀራል። የእኔ ልማድ፣ የማነሳው ችሎታ ለጠላት አደገኛ ከመሆኑ በተጨማሪ ለእኔም ቢያንስ በመጠኑ የሚጠቅም ካልሆነ መተው ነው። ከቡድኑ አባላት አንዱ ከእኔ በተሻለ የሚጠቀምበት ከሆነ ደግሞ በጽሑፍ መልእክት «አንተ አንሳው» ማለት ከሁሉ ይሻላል።

ምርጫው ካለቀ በኋላም ዕጣ የሚሉት ነገር አይተወንም። ብዙ ችሎታዎች «በምት ጊዜ 25 በመቶ ዕድል» ወይም «15 በመቶ ዕድል» የሚል መግለጫ አላቸው፤ ድርብ ጉዳት የሚያደርሱት፣ ለአፍታ የሚያደነዝዙት፣ ሌሎችም። እዚህ ላይ የሚጠቅም አንድ እውቀት አለ። ዶታ 2 ከቀድሞው ዋርክራፍት 3 በወረሰው አሠራር መሠረት፣ አብዛኛዎቹ እንዲህ ያሉ ችሎታዎች በእያንዳንዱ ምት ላይ እኩል ዕድል የላቸውም። 25 በመቶ ተብሎ የተጻፈ ችሎታ በመጀመሪያው ምት ያለው እውነተኛ ዕድል 8.5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ካልደረሰ በሁለተኛው ወደ 17፣ በሦስተኛው ወደ 25፣ በአራተኛው ወደ 34 በመቶ እያደገ ሄዶ 12ኛው ምት ላይ የግድ ይሆናል። ከደረሰ ግን ቆጠራው እንደገና ከ8.5 ይጀምራል። ነገሩ ከዕቁብ ጋር ይመሳሰላል፦ ዕጣ ሳይወጣለት የቆየ ሰው በየዙሩ ዕድሉ እየሰፋ ይሄዳል፣ መጨረሻ የቀረው ደግሞ ያለ ጥርጥር ይደርሰዋል። የረጅም ጊዜ አማካዩ ያው 25 በመቶ ነው፤ የሚለወጠው አደራረሱ ነው።

ይህ በተግባር ምን ይለውጣል? አንደኛ፣ ረጅም የዕድል መጥፋት እጅግ ብርቅ ይሆናል። ዕድሉ በእያንዳንዱ ምት እኩል 25 በመቶ ቢሆን ኖሮ በአሥር ተከታታይ ምቶች አንዴም ሳይደርስ የሚቀርበት አጋጣሚ ከመቶ አምስት ተኩል ገደማ ይሆን ነበር፤ በዚህ አሠራር ግን ከአሥር ሺህ አምስት ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በፍጥነት ለሚመታ ሄሮ እንዲህ ያለው ችሎታ እምነት የሚጣልበት ነው፤ አንቲ-ሜጅን የመሰለ በተፈጥሮው ፈጣን የሆነ አካል ሲደርሰኝ ገበታው ላይ ዕድል ያላቸውን የምት ችሎታዎች በጉጉት የምፈልገውም ለዚህ ነው። ሁለተኛ፣ ሁለት ተከታታይ ድርብ ምቶች ከሚመስለው በላይ ብርቅ ናቸው፤ አሁን ድርብ ምት ከደረሰልን ቀጣዩ የመድረስ ዕድሉ 8.5 በመቶ መሆኑን አስበን «አንድ ተጨማሪ ቢደርስ ይሞታል» በሚል ተስፋ ጠላት መሐል መቆየት አይገባንም። ለ15 በመቶው ይህ ይብሳል፤ የመጀመሪያው ምት እውነተኛ ዕድል 3.2 በመቶ ገደማ ነው።

ሦስተኛው ጥቅም ረቀቅ ያለ ነው፤ ትዕግሥት ላለው ግን ይሠራል። ቆጠራው ሄሮ ላይ ብቻ ሳይሆን ክሪፕ (በኮምፒዩተሩ የሚመሩ ትናንሽ ወታደሮች) ላይ የምናሳርፋቸውን ምቶችም ያካትታል። በተከታታይ አምስት ስድስት ጊዜ ክሪፕ መትቼ ድርብ ምት ሳይደርስልኝ ከቆየ፣ ቀጣዮቹ ምቶች ከፍተኛ ዕድል እንዳላቸው ስለማውቅ ፊቴን ወደ ተቃራኒው ሄሮ አዞራለሁ። በአንጻሩ ድርብ ምቱ ክሪፕ ላይ አሁን ከባከነ፣ ለውጊያ ቸኩዬ አልገባም። ይህን በየምቱ መቁጠር አድካሚ ነው፤ እኔም ጨዋታው ሲፋፋም አልቆጥርም። ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች፣ ሁለት ሄሮዎች በአንድ መስመር ላይ ተፋጠው በሚጠባበቁበት ጊዜ፣ የአንድ ምት ልዩነት ሕይወትን ስለሚወስን ዋጋ አለው።

ዕጣው በመድረስና ባለመድረስ ላይ ሳይሆን በመጠን ላይ የሆነባቸው ችሎታዎችም አሉ። የኬኦስ ናይት ኬኦስ ቦልት ጠላትን የሚያደነዝዝበት ጊዜና የሚያደርሰው ጉዳት በተወሰነ ዝቅተኛና ከፍተኛ መጠን መካከል በየጊዜው ይለያያል። የኦግር ማጃይ መልቲካስት ደግሞ አንድን ችሎታ በዕድል ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ደጋግሞ ሊለቅ ይችላል። ለእነዚህ ያለኝ ምክር አጭር ነው፦ እቅድ በዝቅተኛው መጠን ይታቀድ። ኬኦስ ቦልት አጭር ጊዜ ብቻ ቢያደነዝዝ ጓደኞቼ ለመድረስ ይበቃቸዋል? መልቲካስቱ ባይደግም ጠላት ይሞታል? መልሱ አዎ ከሆነ እገባለሁ፤ የሚተርፈው ትርፍ ነው። መልቲካስትን ብዙ ሰው በመጀመሪያው ዙር ያነሳዋል፤ እኔ ግን የሚደጋገም ጥሩ ችሎታ በእጄ ሳይኖር እርሱን ብቻ ማንሳት ባዶ ድስት መጣድ ስለሚመስለኝ መጀመሪያ የሚደጋገመውን አስቀድማለሁ።

ከኢትዮጵያ ሆነን ለምንጫወት ሰዎች ደግሞ ሌላ መመዘኛ አለ፤ እርሱም የኢንተርኔቱ መዘግየት ነው። የምንገናኘው ዱባይ ወይም አውሮፓ ካሉት ሰርቨሮች ጋር በመሆኑ ቁልፍ በተጫንበትና ሄሮው በታዘዘበት መካከል ሁልጊዜ ጥቂት ክፍተት አለ። ክፍተቱ ቋሚ ከሆነ እጅ ይለምደዋል፤ የሚያስቸግረው አንዴ አጥሮ አንዴ ሲረዝም ነው። በዚህ ምክንያት በቅጽበት ምላሽ ላይ የተመሠረቱ ችሎታዎች፣ ለምሳሌ ጓደኛ ሊሞት አንድ ምት ሲቀረው የሚለቀቀው የዳዝል ሻሎው ግሬቭ፣ ምሽት ላይ መስመሩ ሲጨናነቅ ለእኔ ዋጋቸው ይቀንሳል፤ ካነሳኋቸውም ከሚገባው ትንሽ ቀደም አድርጌ እለቃቸዋለሁ። የሚራናን ቀስትና የፑጅን መንጠቆ የመሳሰሉት በሩቅ ተገምተው የሚወረወሩ ስለሆኑ ያን ያህል አይጎዱም። ፓሲቮች ግን ከሰርቨሩ ጋር አብረው ስለሚሠሩ መዘግየት አይነካቸውም፤ በሁለት እኩል በሚመስሉ ችሎታዎች መካከል ስዋልል ብዙ ጊዜ ወደ ፓሲቩ የሚያዘነብለኝ ይህ ነው። መብራት ቢጠፋ ወይም መስመሩ ቢቋረጥ ለመመለስ አምስት ደቂቃ ስላለ፣ የስልክ ኢንተርኔት በተጠባባቂነት ማዘጋጀት አይከፋም፤ ከዚያ ካለፈ ጨዋታውን ጥሎ እንደወጣ ይቆጠራል።

ጨዋታው ሲጀመር የመጀመሪያውን እቃ ከመግዛቴ በፊት የአምስቱን ተቃራኒዎች ችሎታ አንድ በአንድ አነባለሁ። መልካቸው ያታልላል፤ ክሪስታል ሜይደንን አይቶ «ይህች ደካማ ናት» ብሎ የቀረበ ሰው የኡርሳን ፊዩሪ ስዋይፕስ ከሩቅ ይቀምሳል። ከመካከላቸው የሪኪን መሰወር የያዘ ካለ የተሰወረውን የሚገልጠውን ዱቄትና መሬት ላይ ተተክሎ የሚያሳየውን ዘብ ከወዲሁ በሒሳቤ አስገባለሁ። ሦስት ፓሲቮችን ሰብስቦ ሁሉንም ጉልበቱን በእነርሱ ላይ ያኖረ ተቃራኒ ካለ ደግሞ ሲልቨር ኤጅ የተባለውን ሰይፍ አስባለሁ፤ ይህ እቃ የተመታውን ሄሮ ፓሲቮች ለጥቂት ጊዜ ከሥራ ውጭ ያደርጋል። ገና በምርጫው ጊዜ ጠላት ፓሲቭ እየሰበሰበ መሆኑ ከታየና የቫይፐር ኔዘርቶክሲን ገበታው ላይ ካለ፣ ያው ሥራ ያለ ገንዘብ ስለሚሠራልን እርሱን ማንሳት ጥሩ ምርጫ ነው። የተደነዘዘ ሰው ችሎታ መልቀቅ ስለማይችል፣ አፍተርሾክ በጠላት እጅ ከገባ እንዲህ ያለውን ድንዛዜ ለጥቂት ጊዜ የሚከላከለውን ብላክ ኪንግ ባር የተባለ እቃ ከሌላው ጊዜ ቀደም ብሎ መግዛት ይገባል።

መልካም ጥምረት የማይገኝበት ጨዋታም ያጋጥማል። ተራዬ በመሐል፣ ሄሮዬ ዝግተኛ፣ የፈለግኳቸው ሁሉ የተነሱበት ማለት ነው። ያን ጊዜ ጀግና ለመሆን መጣጣሩን ትቼ ሚናዬን ወደ ደጋፊነት እቀይራለሁ። አንድ የሚያደነዝዝ፣ አንድ የሚያዘገይ፣ አንድ ለቡድኑ ሁሉ የሚጠቅም ፓሲቭ ይዤ፣ ዘቦችን እየተከልኩ የምቱን ሥራ የተሻለ ጥምረት ላገኘው ጓደኛዬ እተዋለሁ። እነዚህ ሦስቱ ብዙ ወርቅ ሳይፈልጉ የሚሠሩ ከመሆናቸውም በላይ፣ ሰዎች ዘግይተው የሚያነሷቸው ስለሆኑ በሦስተኛው ዙርም ይገኛሉ።

የችሎታዎቹ ቁጥሮች በየዝማኔው ስለሚለዋወጡ፣ ካንዱ ዝማኔ በኋላ የታወቀ ጥምረት ሊዳከም ወይም እስከነጭራሹ ላይሠራ ይችላል። አዲስ ዝማኔ ሲወጣ ከጓደኞቼ ጋር የግል ክፍል ከፍተን አቢሊቲ ድራፍትን እንመርጥና፣ የምንጠራጠራቸውን ጥምረቶች እርስ በርሳችን ላይ እንሞክራቸዋለን፤ ማን ከቅርብ ይመታል፣ ማን ከሩቅ፣ ማናው ለስንት ጊዜ ይበቃል፣ ድንዛዜው በትክክል ይነሳል ወይ የሚሉትን እዚያው እናያለን። ብቻውን የሚጫወት ሰው ደግሞ በሄሮው መሞከሪያ ሜዳ ውስጥ የችሎታዎቹን የመጠበቂያ ጊዜና የማና ወጪ በመደበኛ ባለቤቶቻቸው እጅ ማጥናት ይችላል፤ ገበታው ሲከፈት የማሰቢያው ጊዜ አጭር ስለሆነ መግለጫ ለማንበብ አይበቃም።